ማይክሮፎን የያዘው ሰው ሲዝል ኪሳራው የማን ነው?

ካራኦኬ የተባለው ንግድ የተወለደው አንድ ሙዚቀኛ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መገኘት ስላልቻለ ነው። ሚስተር ዳይሱኬ ኢኖዌ በጃፓኗ የወደብ ከተማ በኮቤ በየመጠጥ ቤቱ እየተዘዋወሩ፣ መዝፈን ለሚወዱ ደንበኞች ሙዚቃ የሚያጅቡ ሰው ነበሩ። ከደንበኞቻቸው አንዱ፣ የአንድ ኩባንያ ኃላፊ፣ ለጉዞ ሲነሣ አብረውት ሄደው እንዲያጅቡት ጠየቃቸው። እርሳቸው ግን የምሽት እንጀራቸውን ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም። አጃቢውን ሙዚቃ በቴፕ ቀርጸው ሰጡት። ሰውየው በቴፑ እየዘፈነ ደስ ብሎት ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ነው ሚስተር ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1971 ሳንቲም ሲገባበት ሙዚቃ የሚያሰማ 11 ማሽን አዘጋጅተው ለከተማው መጠጥ ቤቶች ማከራየት የጀመሩት። የፈጠራ መብቱን ሳያስመዘግቡ በመቅረታቸው ከዓለም ገበያ ድርሻቸውን አላገኙም፤ ይኸ ራሱን የቻለ ሌላ ትምህርት ነው።

ማሽኑ እንግዲህ የመጣው የደከመን ወይም ያልተገኘን ሰው ለመተካት ነበር። ስሙም ይህንኑ ይናገራል፤ “ካራ” በጃፓንኛ ባዶ ማለት ሲሆን “ኦኬ” ከኦርኬስትራ ተቆርጦ የተወሰደ ነው። ባዶ ኦርኬስትራ እንደ ማለት ነው።

ንግዱ ከዚያ በኋላ በሁለት መንገድ አደገ። በጃፓን ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ “የካራኦኬ ሳጥን” የሚባሉት ትንንሽ ክፍሎች ተስፋፉ። ጓደኛሞች ክፍሉን በሰዓት ተከራይተው፣ ማሽኑን ራሳቸው እያዘዙ ይዘፍናሉ፤ ባለቤቱ የሚያከራየው ክፍልና ማሽን ነው። በአሜሪካ የተለመደው ግን ሌላ ነው። አንድ አዳራሽ፣ አንድ መድረክ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች። በዚህ ጊዜ ስም የሚመዘግብ፣ ተራ የሚጠብቅ፣ ድምፅ የሚያስተካክል፣ የሚያፍረውን የሚያደፋፍር፣ የሰከረውን በለዘብታ ከመድረክ የሚያወርድ ሰው ያስፈልጋል። አሜሪካኖች ከዲጄ ጋር አመሳስለው “ኬጄ” ይሉታል። በእኛ አነጋገር የካራኦኬ መድረክ መሪ ነው። ማሽኑ የተካውን ሰው ገበያው መልሶ ከማሽኑ አጠገብ አቆመው ማለት ነው።

ይህ ሰው ሲዝል ምን ይሆናል? ጥያቄው ለመድረክ መሪው ብቻ አይደለም፤ ቤቱን ለከፈተው ባለሀብትና ምሽቱን ከቤቱ ጋር ለሚያዋውለው ደላላም ነው።

ዝለት ሲባል ምን ማለት ነው?

ፈረንጆች “በርንአውት” የሚሉትን ቃል ወደ ሙያ ጽሑፍ ካስገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ የኒውዮርኩ የሥነ ልቦና ሐኪም ዶክተር ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ናቸው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1974 ነው። ከእርሳቸው በኋላ ክርስቲና ማስላክ የተባሉት ተመራማሪ ከሱዛን ጃክሰን ጋር ሆነው በ1981 መለኪያ አወጡለት። መለኪያው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሰውየው ኃይሉ ተሟጧል ወይ? ከሚያገለግላቸው ሰዎች በልቡ ርቋል ወይ? ሥራዬ ፋይዳ የለውም ማለት ጀምሯል ወይ? የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 በበሽታዎች መመደቢያ መጽሐፉ ላይ ይህንኑ ዝለት በሽታ ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስፍሮታል፤ በቅጡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ነው ይላል። “ካልተያዘ” የሚለውን ቃል ነጋዴ ልብ ሊለው ይገባል። የሚይዘው አሠራር እንጂ መድኃኒት ብቻ አይደለምና።

በካራኦኬ መድረክ ላይ ከሦስቱ ምልክቶች ሁለተኛው ቀድሞ ይታያል። መሪው ያው በሰዓቱ ይመጣል፤ ስፒከሩን ይዘረጋል፤ ስም ይጠራል። ግን ዘፋኞቹ ሰው መሆናቸው ቀርቶ ተራ ቁጥር ሆነውበታል። ባሏ የሞተባት ሴትዮ በየሳምንቱ ሐሙስ መጥታ ያችኑ አንድ ዘፈን ስትዘፍን ዱሮ ዓይኗን እያየ ያጨበጭብ የነበረው ሰው፣ አሁን ስልኩን እያየ “ቀጣይ” ይላል። ሴትዮዋ ቅሬታ አታቀርብም። መምጣት ትተዋለች።

አርሊ ሆክሽልድ የተባሉት አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ የአውሮፕላን አስተናጋጆችን ሥራ መርምረው፣ ፈገግታ ራሱ የሚሸጥ ሸቀጥ ሲሆን በሠራተኛው ላይ ምን እንደሚያደርስ አሳይተዋል። ጠረጴዛ የሚሠራ አናጢ ሲደክመው ጠረጴዛው ደስተኛ መስሎ መታየት የለበትም። መድረክ መሪው ግን የሚሸጠው ደስታውን ነው። የሌለውን ደስታ ለአራት ሰዓት ፊቱ ላይ ለጥፎ ማምሸት ከባዱ የሥራው ክፍል እሱ ሆኖ ሳለ፣ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ ተጽፎ አይታይም።

የአንድ ምሽት ሂሳብ

ብዙ መድረክ መሪዎች “በሳምንት 12 ሰዓት ብቻ ሠርቼ እንዴት እንዲህ እደክማለሁ?” ብለው ራሳቸውን ይወቅሳሉ። መልሱ ከወረቀትና ከእርሳስ ይገኛል። የራሱን መሣሪያ ይዞ በኮንትራት የሚሠራ የአሜሪካ መድረክ መሪን ለምሳሌ እንውሰድ። የምሽቱ ዋጋ 200 ዶላር፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 7 ይሁን። ሲታይ በሰዓት 50 ዶላር ነው፤ የሚያስቀና ገቢ ነው።

አሁን የማይታየው ይቆጠር። መሣሪያውን ከቤት አውጥቶ መኪና ላይ መጫን 30 ደቂቃ፤ መንገድ 30 ደቂቃ፤ ስፒከር ማቆም፣ ኬብል መዘርጋት፣ ድምፅ መፈተሽ 1 ሰዓት። ከዚያ አራቱ ሰዓት። ሲያበቃ መጠቅለል 45 ደቂቃ፤ መመለስ 30 ደቂቃ፤ ማውረድ 15 ደቂቃ። በሳምንቱ ውስጥ አዳዲስ ዘፈን ለመጨመር፣ ማስታወቂያ ለመለጠፍና ለደንበኛ ስልክ ለመመለስ ለዚያ ምሽት ድርሻ 1 ሰዓት ይያዝ። ድምሩ 8 ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ምሽት የተባለው አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ሆኖ ተገኘ።

ወጪው ይቀጥላል። የደርሶ መልስ መንገዱ 40 ማይል ቢሆን፣ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ለ2025 በፈቀደው በማይል 70 ሳንቲም ስሌት 28 ዶላር ነው። መሣሪያው 6,000 ዶላር ተገዝቶ በዓመት 150 ምሽት እየሠራ አምስት ዓመት ቢያገለግል፣ የእርጅና ቅናሹ በምሽት 8 ዶላር ይመጣል። ለዘፈን አቅርቦት ክፍያ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለሚበላሽ ማይክሮፎንና ኬብል 14 ዶላር ይጨመር። ጠቅላላው 50 ዶላር ሲሆን የቀረው 150 ነው። በዚያ አገር በግሉ የሚሠራ ሰው የአሠሪንም የሠራተኛንም የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ብቻውን ስለሚከፍል፣ 15.3 ከመቶው ከተጣራው ገቢ 92.35 ከመቶ ላይ ሲሰላ 21 ዶላር ያህል ይሄዳል። የሚተርፈው 129 ዶላር ነው። ለ8 ሰዓት ተኩል ሲካፈል በሰዓት 15 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ይሆናል። የገቢ ግብሩ ገና አልተነካም።

ስለዚህ 50 ዶላር የመሰለው 15 ሆነ። በሳምንት ሦስት ምሽት የሚሠራው ሰው 12 ሰዓት ሳይሆን 25 ሰዓት ተኩል ይሠራል ማለት ነው። ቀን የ40 ሰዓት ሌላ ሥራ ካለው ሳምንቱ 65 ሰዓት ተኩል ሆነ። ይህ ሰው ሰነፍ ነው? ሂሳቡን ያላየ ሰው ግን ድክመቱን የጠባይ ጉድለት ያደርገዋል። ከዚያም ለማካካስ ብሎ አራተኛ ምሽት ይቀበላል፤ ዝለቱን የሚያባብሰውም ይኸው ውሳኔ ነው።

ከዋጋ ይልቅ ቁም ሣጥን

ሂሳቡ አንዴ ከተሠራ ሁለት በር ይከፈታል። አንደኛው ዋጋ መጨመር ነው። ከላይ ባለው ስሌት በሰዓት 25 ዶላር ለማግኘት የምሽቱ ዋጋ ወደ 300 ዶላር መጠጋት አለበት። ይህን የሚከፍል ቤት ሊኖር ይችላል፤ ባይኖርም አይገርምም።

ሁለተኛው በር ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ቤቱ የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ወይም ጓዳ ቢሰጥና ስፒከሩና ሚክሰሩ እዚያው ቢያድሩ፣ መጫኑና ማውረዱ ይቀራል፤ መዘርጋቱ ከአንድ ሰዓት ወደ 20 ደቂቃ፣ መጠቅለሉ ከ45 ወደ 15 ደቂቃ ይወርዳል። በጠቅላላው 115 ደቂቃ ዳነ ማለት ነው። ያው 129 ዶላር አሁን ለ6 ሰዓት ተኩል ያህል ሲካፈል ወደ 20 ዶላር ይጠጋል። ባለቤቱ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም፤ መድረክ መሪው ግን በሰዓት አምስት ዶላር ገደማ አተረፈ፤ ወገቡም ዳነ። ዕቃው ቢሰረቅ ወይም ውኃ ቢገባበት ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ መቀመጥ ግን አለበት። በዚሁ ምክንያት በሁለት ቤት ሁለት ምሽት ከመሥራት በአንድ ቤት ሁለት ምሽት መሥራት ይሻላል። ደላሎች ይህንን ቢያውቁት የሚያዋውሉት ሰው ዕድሜ ይረዝምላቸዋል።

ውሉ ላይ ሌላም መግባት ያለበት አለ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ወይም በረዶ ሲወርድ ምሽቱ ቢሰረዝ ምን ያህል ይከፈላል? ለሙዚቃ ደራሲዎች መብት የሚከፈለውን ፈቃድ የያዘው ማን ነው? በአሜሪካ እንደ ደንቡ የቤቱ ባለቤት ነው፤ ቢሆንም ተጽፎ ማየት አይከፋም። ከሁሉ በላይ የተተኪ ጉዳይ አለ። በወር አንድ ምሽት ሌላ ሰው በመሪው መሣሪያ እንዲሠራ፣ ከ200ው 150ው ለተተኪው እንዲሰጥ ቢስማሙ፣ ቀሪው 50 የመሣሪያውን ወጪ ይሸፍናል። መሪው በዚያ ምሽት ትርፍ ባያገኝም ይተኛል፤ ቤቱም ምሽቱን አይዘጋም። ተተኪ የሌለው መድረክ መሪ ትኩሳት ይዞትም ይወጣል፤ ሲወድቅ ደግሞ ሐሙሱ አብሮት ይወድቃል።

እዚህ ላይ የአገራችንን አዝማሪ ቤት ያየ ሰው አንድ ነገር ማስታወሱ አይቀርም። ማሲንቆ የያዘው ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል፤ ሴቷ ስታርፍ ወንዱ ይቀጥላል። ሥራው ሲጀመርም በቅብብል የተሠራ ነው። ካራኦኬ ግን ለብዙ ሰው የሚሆነውን ሥራ ለአንድ ሰው ሰጥቶታል።

ተራው እና ጠቡ

መድረክ መሪን ከድካሙ ይልቅ የሚያቃጥለው ንትርክ ነው፤ ንትርኩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በተራ ላይ ነው። ይኸም ሂሳብ አለው። አንድ ዘፈን በአማካይ አራት ደቂቃ ቢወስድ፣ ዘፋኝ እስኪወርድና ሌላው እስኪወጣ አንድ ደቂቃ ቢጨመር፣ በአራት ሰዓት ውስጥ 48 ዘፈን ይዘፈናል። ከዚያ በላይ ቦታ የለም። 30 ሰው ከተመዘገበ የመጀመሪያው ዙር ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በሁለተኛው ዙር 18 ሰው ይደርሰዋል፤ 12ቱ አይደርሳቸውም። በመሃል አምስት አዲስ ሰው ቢገባ ይህ ቁጥር ያድጋል።

ይህን የማያውቀው ደንበኛ ተራው የዘገየበት በተንኮል ይመስለዋል። መሪው ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ሲያስረዳ ያመሻል። በዚህ መሃል አንዱ 20 ዶላር እጁ ላይ ጣል አድርጎ “ቶሎ አስገባኝ” ይለዋል። ጉርሻው ያጓጓል። ነገር ግን ወደ ፊት የገባው ሰው 29 ሰው ወደ ኋላ ገፍቷል፤ ካዩት ደግሞ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መሪው ዳኛ መሆኑ ቀርቶ ሻጭ ነው። በቀጣዩ ሳምንት ሁሉም ዋጋ ይጠይቃል።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በፊሊፒንስ የፍራንክ ሲናትራ “ማይ ዌይ” በሚዘፈንበት ጊዜ በተነሡ ጠቦች ሰዎች መገደላቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል፤ አንዳንድ ቤቶች ዘፈኑን ከዝርዝራቸው እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በዘፈኑ ውስጥ የተለየ መርዝ ኖሮበት አይመስልም። መጠጥ፣ ኩራትና ማይክሮፎን አንድ ላይ ሲሆኑ ዳኝነት የሚጠይቅ መሆኑን ግን ያሳያል።

የሚረዳው ዝርዝሩን ሁሉ ሰው በሚያየው ስክሪን ላይ ማሳየት፣ ደንቡን ግድግዳ ላይ መለጠፍና ምዝገባውን በተወሰነ ሰዓት መዝጋት ነው። “አዲስ ሰው በዙሩ መጨረሻ ይገባል፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል በኋላ ምዝገባ የለም፤ ገንዘብ ተራ አይገዛም።” ሦስት መስመር ይበቃል። ደንቡን የሚለጥፈው ደግሞ ቤቱ መሆን አለበት እንጂ መሪው አይደለም። በራሱ ደንብ የሚከራከር ሰው ጠላት ያፈራል፤ የቤቱን ደንብ የሚጠቅስ ሰው ግን መልእክተኛ ነው። በመሸጋገሪያው ላይ ግማሽ ደቂቃ ማትረፍ ከተቻለም የዘፈኖቹ ቁጥር ከ48 ወደ 53 ይወጣል፤ አምስት ቅሬታ ቀነሰ ማለት ነው።

ጆሮ፣ ጉሮሮ፣ እንቅልፍ

የሥራ ደህንነትን የሚያጠናው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም ናዮሽ የሚያወጣው የድምፅ ገደብ ለዚህ ሥራ የተጻፈ ይመስላል። 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይፈቀዳል፤ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 88 ለአራት ሰዓት፣ 91 ለሁለት፣ 94 ለአንድ ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ሲደርስ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። የአራት ሰዓት ምሽት የሚሠራ ሰው ጆሮው አጠገብ ያለው ድምፅ ከ88 ባይበልጥ ይመረጣል ማለት ነው። በስልክ ላይ በሚጫን መለኪያ ማየት ይቻላል። ድምፁ ከበለጠ የጆሮ መሰኪያ ማድረግ፣ መሪው የሚቆምበትንም ቦታ ከስፒከሩ ፊት ማራቅ ያስፈልጋል።

ጉሮሮም እንዲሁ ነው። ሰው ሁካታ ባለበት ሲናገር ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ይህንን ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ በ1911 ስላሳወቀ በስሙ ይጠራል። ማይክሮፎን ይዞ የሚጮህ መድረክ መሪ የሚጎዳው በዚህ ነው። ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ማስጠጋትና ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ በተራ ድምፅ መናገር የሚከብድ አይደለም። ድምፅ ጎርንኖ ከአራት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ማርና ዝንጅብሉ ይቅርና የጉሮሮ ሐኪም ይይ።

ስለ እንቅልፍ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የቡና ኃይል በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት የተጠጣ ቡና ሊነጋጋ ሲል፣ በ10 ሰዓት፣ ግማሹ ገና ደም ውስጥ ነው። መጠጡ ደግሞ የባሰ ነው። ደንበኛ ሲደሰት ለመድረክ መሪው ይጋብዛል፤ እምቢ ማለት ያስቀይማል። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ እንቅልፉን ግን ይቆራርጠዋል። ከቡና ቤቱ ቀጂ ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ ግብዣውን በአምቦ ውኃ መሰል ነገር ማስለወጥ፣ ሒሳቡንም ወደ ጉርሻ ሣጥን ማስገባት ይቻላል። ማንም አይቀየምም።

ባለቤቱ በምን ያውቃል?

የቤቱ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚሰማው መሪው “በቃኝ” ያለ ዕለት ነው። ካዝናው ግን ቀድሞ ይናገራል። ባለቤቱ የካራኦኬውን ሐሙስ ከተራ ሐሙስ ጋር በየሰዓቱ ያወዳድር። ለምሳሌ ተራው ሐሙስ 1,500 ዶላር፣ የካራኦኬው 2,600 ዶላር ቢያስገባ ልዩነቱ 1,100 ነው። ከዚህ የመጠጡ ዋጋና የተጨማሪ ሠራተኛ ክፍያ ተቀንሶ 60 ከመቶው ቢተርፍ 660 ይሆናል፤ ለመሪው 200 ተከፍሎ 460 ለቤቱ ይቀራል። መሪው ዝሎ ልዩነቱ በሲሶ ቢወርድ ቤቱ በየሳምንቱ 220 ዶላር ትርፍ ያጣል። መሪው ቀደም ብሎ የጠየቀው ጭማሪ 50 ዶላር ከነበረ፣ ባለቤቱ 50 አተርፋለሁ ብሎ 220 ከሰረ።

ለመድረክ መሪውም ይኸው ቁጥር የመደራደሪያ መሣሪያው ነው። “ደክሞኛል” ብሎ ጭማሪ የሚጠይቅ ሰው ሐዘኔታ ያገኛል። የሐሙስን ልዩነት ጽፎ የሚመጣ ሰው ውል ያገኛል።

በአዲስ አበባም የካራኦኬ ምሽት ያላቸው ቤቶች ስላሉ አንድ ነገር ይጨመር። መሪው በኮንትራት ሳይሆን በቅጥር የሚሠራ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከተዋል። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 ተባዝቶ ይከፈላል፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሲሆን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት የሳምንት ዕረፍትና ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድም አለ። የበዓል ዋዜማና የበዓል ሌሊት ለእንዲህ ያለ ቤት ገበያ ስለሆነ፣ ይህን ክፍያ ከትኬቱና ከመጠጡ ዋጋ ጋር አስቀድሞ ያላሰላ ባለሀብት በኋላ በክርክር ይከፍለዋል።

ማረፍና መተው

ዕረፍት አይጠቅምም ማለት አይደለም። ነገር ግን ዕረፍት ብቻውን ምን እንደሚፈውስ የሚታወቀው በመመለሻው ምሽት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያረፈ ሰው ተመልሶ ምሽቱን በደስታ ከጨረሰ የጎደለው እንቅልፍ ነበር። በመጀመሪያው ሰዓት ያው ምሬት ከተመለሰ ግን የጎደለው ዋጋው፣ ደንቡ ወይም ተተኪው ነው፤ እርሱ ሳይስተካከል ዳግም ዕረፍት መውጣት ወጪ ማብዛት ነው። ምሬቱ ከመድረክ አልፎ ቤቱ ድረስ ከተከተለው፣ ልጆቹ፣ ምግቡ፣ በሥራ ያልሆነው ሙዚቃ ሁሉ ካስጠላው፣ ያ የሥራ ዝለት ብቻ ላይሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል።

ሥራውን ለመተው የቆረጠም አለ። እንዲህ ያለው ሰው በንዴት ስልክ ዘግቶ ከመጥፋት ይልቅ የአንድ ወር ማስታወቂያ ሰጥቶ፣ ተተኪውን ሁለት ሦስት ምሽት አብሮት አቁሞ፣ የደንበኞቹን ስምና የሚወዱትን ዘፈን አሳውቆ ቢወጣ ምሽቱ ራሱ ዋጋ ያለው ንብረት ይሆንለታል። ከተተኪው ወይም ከቤቱ ጋር የሚደራደርበት ነገር አለው። ስፒከርና ሚክሰር ከማይክሮፎን የተሻለ ዋጋቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ደረሰኛቸው ካለ አብሮ ይቅረብ። የዘፈኖቹ ስብስብ ግን ብዙውን ጊዜ በፈቃድ የተያዘ እንጂ እንደ ዕቃ የተገዛ ስላልሆነ፣ ላፕቶፑ ለገዢ ከመተላለፉ በፊት የፈቃዱ ጽሑፍ ይነበብ፤ ለሌላ ሰው ማስተላለፍን የሚከለክል ከሆነ ዘፈኖቹ ተጠርገው ላፕቶፑ ባዶውን ይሸጥ።